ጎመን በጤና፤ የጓሮ አትክልት ሕመምና ፈውሱ

አበው «ጎመን በጤና» ሲሉ የኖሩት፤ ሰው በጥቂቱ ረክቶ ሰውነቱ ደኅና ሆኖ መኖሩ ከብዙ ድግስና ከብዙ ጭንቀት እንደሚሻል ለማስረዳት ነው። የምሳሌው ፍሬ ነገር ስለ በሊው ጤና ነው እንጂ ስለ ጎመኑ አይደለም። ነገር ግን ጎመኑ ራሱ ቅጠሉ ገርጥቶ፤ ሥሩ በስብሶ የታመመ እንደ ሆነ በሊውም ጤናውን የሚያገኝበት ገበታ ይጎድልበታል። ስለዚህ ጓሮ ያለው ሰው ሁሉ የጎመኑን ጤና መጠበቅ፤ በታመመም ጊዜ መድኃኒት ከመፈለጉ በፊት ሕመሙን ለይቶ ማወቅ ይገባዋል።

ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ የሚገኘው ቦሌ አራብሳ ከጥቂት ዓመታት በፊት ገበሬ የሚያርሰው የእህል ማሳ ነበረ። ዛሬ ግን የጋራ መኖሪያ ቤቶች ረድፍ በረድፍ ቆመውበት ከልዩ ልዩ ሰፈር የመጣ ብዙ ሕዝብ ይኖርበታል። አስቀድሞ በቦሌ ክፍለ ከተማ ሥር የነበረው ይህ ሰፈር በ2013 ዓ.ም. የለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሲቋቋም ወደዚያው ተጠቃለለ። በኅዳር 2015 ዓ.ም. «የሌማት ትሩፋት» የተባለው የልማት ሥራ በአርባ ምንጭ ከተማ ከተጀመረ ወዲህ በከተማ ውስጥ አትክልት የመትከል ነገር ይበልጥ ተስፋፍቷል። በሕንፃና በሕንፃ መካከል ባለው ባዶ መሬት፤ በየደረጃው ሥርና በየበረንዳው፤ በጆንያና በተቆረጠ ጀሪካን ሳይቀር ጎመን፤ ቆስጣ፤ ሰላጣ፤ ቃሪያና ቲማቲም ይታያል። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ዳሩ ግን መትከል አንድ ነገር ሲሆን ተክሎ ማኖር ሌላ ነገር ነው። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ክረምት በደስታ ይተክላል፤ አትክልቱ ሲገረጣና ሲጠወልግ ግን ምክንያቱን ሳያውቅ ነቅሎ ይጥላል፤ ከዚያም በኋላ «ይህ መሬት አያበቅልም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል።

የሚከተለው ምሳሌ በብዙ ቤት የሚደርሰውን ነገር ያሳያል። አንዲት እመቤት በሰኔ መጀመሪያ ከምትኖርበት ሕንፃ አጠገብ ጥቂት መሬት ቆፍራ ጎመንና ቲማቲም ተከለች ይባል። ሐምሌ ሲጋመስ የጎመኑ ቅጠል ከታች ጀምሮ ቢጫ ሆነ። ዝናብ ባባራ ቀን በቀትር ጠውልጎ ብታየው ውኃ የጠማው መስሏት አጠጣችው፤ ባሰበት። አንዱ ጎረቤት «ተባይ ነው» ቢላት ከገበያ የተባይ መርዝ ገዝታ ረጨችው፤ አሁንም ባሰበት። ሌላዋ ጎረቤት «ፍግ አንሶት ነው» ብትላት ትኩስ ፍግ ከሥሩ አፈሰሰችበት፤ ቅጠሉ ከዳር ዳር ተቃጠለ። ነሐሴ ሲገባ ልጆቿ ሊበሉት ያሰቡትን ጎመን ነቅላ ጣለችው። ሲነቀል ሥሩ ጠቁሮና ሟሙቶ መጥፎ ሽታ ይሸት ነበር። እንግዲህ የጎመኑ ሕመም የታወቀው በቀብሩ ቀን ነው ማለት ነው። ሦስት ጊዜ መድኃኒት ተሰጥቶታል፤ አንድ ጊዜ ግን አልተመረመረም።

ሐኪም በሽተኛውን ሳያይ መድኃኒት እንደማያዝ ሁሉ የአትክልትም ጠባቂ አስቀድሞ ማየትና መጠየቅ አለበት። የሚጠየቁትም ነገሮች ሦስት ናቸው። አንደኛው፤ ሕመሙ በተክሉ አካል ላይ የጀመረው ከየት ነው? ከታች ካለው ከአሮጌው ቅጠል ነው ወይስ ከጫፍ ካለው ከለጋው? ሁለተኛው፤ በመደቡ ውስጥ የታመሙት የትኞቹ ናቸው? ሁሉም እኩል ታመዋል ወይስ አንዱ ታሞ ሌላው ደኅና ነው? ሦስተኛው፤ ሕመሙ የመጣው መቼ ነው? ከዝናብ በኋላ ነው፤ ከውርጭ በኋላ ነው፤ ወይስ መድኃኒት ከተረጨ በኋላ? የመደቡ ተክል ዓይነቱ ሳይለይ በአንድ ጊዜና በአንድ መልክ የተጎዳ እንደ ሆነ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የአፈር፤ የውኃ ወይም የአየር ነው። ሕመሙ ግን ከአንድ ተክል ተነሥቶ ወደ ጎረቤቱ እየተዛመተ የሚሄድ እንደ ሆነ ተባይ ወይም ተላላፊ በሽታ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። ይህን ልዩነት ብቻ ያወቀ ሰው ከሚባክነው ገንዘብ ብዙውን ያድናል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረመረው አፈሩ ነው። የቦሌና የምሥራቅ አዲስ አበባ ሜዳ በብዛት ጥቁር ዋልካ አፈር ነው፤ ኦሮምኛ ተናጋሪው ገበሬ ኮትቻ ይለዋል። ይህ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፤ ይጣበቃል፤ ውኃውንም ይዞ አይለቅም። ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተርና እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ለምነት የለውም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ምግብ የሞላው ነው። ክፋቱ በክረምት ውኃ በተኛበት ጊዜ ከአፈሩ ውስጥ አየር መጥፋቱ ነው። የአትክልት ሥር ደግሞ እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ አየር ያጣ እንደ ሆነ ታፍኖ ይሞታል። ሥሩ የሞተ ተክል ውኃ ውስጥ ቆሞ ሳለ ውኃ መጠጣት አይችልም፤ ስለዚህ በቀትር ይጠወልጋል። የምሳሌያችን እመቤት ጎመኗን የተጠማ አድርጋ ያየችው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጎመኑ ግን የሰመጠ እንጂ የተጠማ አልነበረም።

ዋልካው ውኃ ይዞ እንደሆነ ለማወቅ አንድ ክንድ የማይሞላ ጉድጓድ ቆፍሮ ውኃ መሙላት፤ ያ ውኃ ከሰረገ በኋላ ሁለተኛ ሞልቶ ማየት ይበቃል። በማግስቱም ውኃው እዚያው ተኝቶ የተገኘ እንደ ሆነ በዚያ ቦታ ላይ መደቡን ሳያነሡ አትክልት መትከል ሥርን በኩሬ ውስጥ መትከል ነው። ለዚህ የሚሆነው ብልሃት ከባሕር ማዶ መምጣት አያስፈልገውም። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ያለው ገበሬ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ዋልካውን በእጁ እየዛቀ ከፍ ያለ መደብ ሲሠራና በመደቡ መካከል የውኃ መውረጃ ቦይ ሲያወጣ ኖሯል። ይህ የአባቶች ጥበብ በኋላ የግብርና ተመራማሪዎች ዋልካ መሬትን ለማሻሻል ለሠሩት ማረሻ መነሻ ከሆኑት ነገሮች አንዱ ነው። በጓሮም ቢሆን አንድ ሜትር ያህል ስፋት፤ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መደብ መሥራትና ቦዩን ወደ ዝቅተኛው ቦታ ማስወረድ ይቻላል። ደረቅ ቅጠል፤ የጭድ ትራፊና የተብላላ ብስባሽ በየዓመቱ ከአፈሩ ጋር ቢደባለቅ ዋልካው እየላላ ይሄዳል። በጆንያና በጀሪካን ለሚተክል ሰው ደግሞ ነገሩ ከዚህ የቀለለ ነው፤ የዕቃውን ሥር በብዙ ቦታ መብሳትና ውኃው እንዲወጣ ከመሬት ጥቂት ከፍ ማድረግ ነው።

በአዳዲስ ሕንፃዎች አጠገብ የሚተክል ሰው ሌላም ችግር ያገኘዋል። ሕንፃው ሲሠራ የተረፈው አሸዋ፤ የስሚንቶ ፍርስራሽና የልስን ቁራጭ ብዙ ጊዜ ከመሬት ሥር ተቀብሮ ይቀራል። ስሚንቶና ኖራ የአፈርን ጠባይ ስለሚለውጡ በአፈሩ ውስጥ ያለው ብረት ለሥሩ የማይደረስ ይሆናል። ምልክቱም ግልጽ ነው፤ ለጋው ቅጠል ቢጫ ሲሆን በቅጠሉ ላይ ያሉት ጅማቶች አረንጓዴ እንደ ሆኑ ይቀራሉ። ይህን ያየ ሰው ፍርስራሹን ለቅሞ ማውጣትና በስፍራው ብዙ ብስባሽ መጨመር ይገባዋል እንጂ አመድ መጨመር አይገባውም። አመድ በሌላ ቦታ የሚጠቅም ቢሆንም ጠባዩ ከኖራ ጋር ስለሚቀራረብ በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ሕመሙን ያብሳል።

ከአፈር ቀጥሎ የሚመረመረው ውኃ ነው። ጠውልጎ የታየ ተክል ሁሉ የተጠማ አይደለም። በቀትር ጠውልጎ ማታ ላይ ቀና የሚል ከሆነ ፀሐዩ በርትቶበት ነው፤ አያሠጋም። ጠዋት ማልዶ ጠውልጎ የተገኘ ግን በእርግጥ ተጠምቷል ወይም ሥሩ ታሟል። ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ ለመለየት ጣትን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ ወደ አፈሩ ማስገባት ነው፤ ደረቅ ከሆነ ማጠጣት፤ ርጥብ ከሆነ ግን ማጠጣቱን አቁሞ ቦይ ማውጣት ይገባል። በበጋ የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ብዙ ሰው ውኃው የመጣ ቀን አትክልቱን ያጥለቀልቃል፤ ከዚያም ቀናት ሙሉ ያስጠማዋል። ቲማቲም እንዲህ ያለውን አያያዝ አይወድም። የፍሬው ቂጥ ጠቁሮና ጎድጉዶ ሲታይ ሰው ተባይ የበላው ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን ውኃ በመቆራረጡ ምክንያት ካልሲየም የተባለው ንጥረ ነገር ወደ ፍሬው በሚገባ አለመድረሱ ነው። ውኃውን በዕቃ አጠራቅሞ በየጊዜው በልክ የሚያጠጣና መደቡን በደረቅ ሣር የሚያለብስ ሰው የሚቀጥለውን ፍሬ ደኅና ሆኖ ያገኘዋል። የጠቆረው ፍሬ ግን ስለማይመለስ ቆርጦ መጣል ነው።

ስለ ርኃብም ማወቅ ያስፈልጋል፤ አትክልት እንደ ሰው ይራባልና። ከታች ያለው አሮጌ ቅጠል በሙሉ ገርጥቶ ጫፉ አረንጓዴ ሆኖ የቀረ እንደ ሆነ ናይትሮጅን የተባለው ምግብ አንሶታል፤ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለለጋው ይሰጣል፤ ልክ እናት ከራሷ ቀንሳ ለልጇ እንደምታጎርስ። ቅጠሉ ወደ ሐምራዊ የተለወጠ እንደ ሆነ ፎስፎረስ አንሶታል፤ ወይም ብርድ ጸንቶበት ሥሩ መውሰድ አልቻለም። የአሮጌው ቅጠል ዳር ዳር እሳት እንደ ነካው ሆኖ የደረቀ እንደ ሆነ ፖታሲየም ጎድሎታል። የእነዚህ ሁሉ የመጀመሪያ መድኃኒት በደንብ የተብላላ ፍግና ብስባሽ ነው። ትኩስ ፍግ ግን ሥርን ያቃጥላል፤ ስለዚህ ሽታው እስኪጠፋና አፈር እስኪመስል ድረስ ለወራት ተከምሮ መቆየት አለበት። ዩሪያም ለሚጨምር ሰው ጥቂት ብቻ ከግንዱ ራቅ አድርጎ በርጥብ አፈር ላይ መጨመር ይገባል እንጂ እፍኝ ሙሉ መበተን የተራበውን ሰው በአንድ ቀን ጎተራ እንደ ማብላት ነው። ደግሞም ውኃ በተኛበት መሬት የቆመ ተክል የተራበ ይመስላል፤ ውኃው ሳይወጣለት ምግብ ቢጨምሩለት አይበላውም።

አፈሩም፤ ውኃውም፤ ምግቡም ተመርምሮ ጉድለት ያልተገኘ እንደ ሆነ ቅጠሉን ገልብጦ ማየት ተገቢ ነው። ተባይ እንደ ሌባ ስለሆነ ከቅጠሉ ጀርባ ይደበቃል። ቅጠሉ ተጨማድዶና ተጠቅልሎ፤ የሚያጣብቅ ነገር ፈስሶበት ከተገኘ በጀርባው ክሽክሽ ሰፍሮበታል። ጎመንን ከሚያጠቁት ተባዮች ሁሉ በጓሮ የሚበዛው እርሱ ነው። ጥቂት እንደ ሆነ በጣት አሽቶ በውኃ ማጠብ ይበቃል። የበዛ እንደ ሆነ ለአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ፤ አስቀድሞ በአንድ ቅጠል ላይ ሞክሮ፤ ፀሐይ ሲበርድ የቅጠሉን ጀርባ መርጨት ነው። የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ግን ቅጠል ስለሚያቃጥል አይሆንም። በቅጠሉ ላይ ቀይ ሆና ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት ትንሽ ጥንዚዛ የተገኘች እንደ ሆነ አይገድሏትም፤ እርስዋም ልጆቿም ክሽክሽን የሚበሉ ናቸውና።

ችግኝ ማታ ቆሞ ጠዋት ከሥሩ እንደ ተጨደ ወድቆ የተገኘ እንደ ሆነ ቆራጭ ትል ቆርጦታል። ትሉ ሩቅ አይሄድም፤ ከወደቀው ችግኝ አጠገብ አፈሩን ጥቂት ቢጭሩ ተጠቅልሎ ይገኛል። ለቀሪዎቹ ችግኞች ከወረቀት ወይም ከላስቲክ ቁራጭ የተሠራ ቀለበት በግንዱ ዙሪያ ማድረግ ያድናቸዋል። በክረምት ሌሊት ቅጠሉ ላይ የሚያብለጨልጭ መስመር እየተወ የሚበላው ቀንድ አውጣ ነው፤ እርሱንም በመብራት እየፈለጉ መልቀም ነው። ጥቅል ጎመን ላይ ደግሞ ቅጠሉ እንደ መስኮት ሳስቶ፤ በኋላም ተበሳስቶ የተገኘ እንደ ሆነ፤ ሲነኩት እየተወራጨ በክር የሚንጠለጠል ትንሽ አረንጓዴ ትል አለበት። ይህ ትል መርዝን በመልመድ በዓለም የታወቀ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጀመሪያ በጃቫ ደሴት ዲዲቲን እንደ ለመደ ከታወቀ ወዲህ ብዙ ሌሎች መርዞችም አልበግረው ብለዋል። በጥቂት መደብ ላይ ጠዋት ጠዋት በእጅ መልቀም ከመርዝ ይልቅ የታመነ ነው።

ከተባይ ይልቅ የሚያስፈራው ተላላፊ በሽታ ነው። በክረምት ቲማቲምና ድንች ላይ ውኃ የነካው የሚመስል ጥቁር ነቁጥ ታይቶ፤ ጠዋት ጤዛ ሳይረግፍ በቅጠሉ ጀርባ በነቁጡ ዙሪያ ነጭ ሻጋታ የተገኘ እንደ ሆነ የቅጠል አድርቅ ዋግ ነው። ይህ በሽታ ብርድና ርጥበት ባለበት አየር በጥቂት ቀን ውስጥ መደቡን ሙሉ ያጠፋል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1845 ዓ.ም. ጀምሮ በአየርላንድ የድንችን ማሳ ጨርሶ አንድ ሚሊዮን የሚያህል ሕዝብ በርኃብና በርኃብ ባመጣው በሽታ ያስፈጀ፤ ከዚያም የሚበልጠውን ሕዝብ ያሰደደ ይህ በሽታ ነው። አንድ ሕዝብ ኑሮውን በአንድ ተክል ላይ ብቻ የጣለ እንደ ሆነ ምን እንደሚያገኘው ከዚህ ታሪክ መማር ይቻላል። ድንች ወደ አገራችን የገባው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1858 ዓ.ም. ሺምፐር በተባለው ጀርመናዊ የዕፀዋት ሊቅ እጅ እንደ ሆነ ይነገራል፤ በሽታውም ዛሬ በደጋው ሁሉ የታወቀ ሆኗል።

ለዚህ በሽታ መድኃኒቱ የተገኘው በአጋጣሚ ነው። በፈረንሳይ አገር በቦርዶ አቅራቢያ ያሉ የወይን ገበሬዎች መንገደኛ ፍሬያቸውን እንዳይሰርቅባቸው በመንገድ ዳር ባለው ወይን ላይ የመዳብ ጨውና ኖራ በጥብጠው ይረጩ ነበር። ሚላርዴ የተባለ ሊቅ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1882 ዓ.ም. በዚያ ሲያልፍ የተረጨው ወይን ከበሽታ መዳኑን አስተዋለ፤ ከብዙ ሙከራም በኋላ በ1885 ዓ.ም. ለዓለም ገለጠው። እስከ ዛሬም ድረስ የመዳብ መድኃኒት ይሠራበታል። ነገር ግን ይህ መድኃኒት የሚከላከል ነው እንጂ የታመመውን ቅጠል የሚያድን አይደለም። ስለዚህ ለጓሮ የሚሻለው ዘዴ ወቅትን መምረጥ ነው። ቲማቲምን በክረምት ገላጣ ላይ ከመትከል ዝናብ ሲወጣ በመስኖ መትከል፤ ወይም ዝናብ በማያገኘው ጣራ ሥር ማድረግ ይሻላል። ተክሉን አራርቆ መትከል፤ በእንጨት ደግፎ ማቆም፤ መሬት የነካውን ቅጠል ማንሣት፤ ሲያጠጡም ቅጠሉን ሳያርሱ ጠዋት ከሥሩ ማጠጣት ያስፈልጋል። ድንች የሚተክል ሰው ደግሞ ከሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል እንደ ወጡት እንደ ጉደኔና እንደ በለጠ ያሉትን በሽታውን በተሻለ የሚቋቋሙ ዘሮች ቢፈልግ ይጠቀማል።

ፈውስ የሌለውም ሕመም አለ። ድንች፤ ቲማቲም ወይም ቃሪያ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደ ሆነ በድንገት ጠውልጎ ማታም ጠዋትም ቀና ያላለ እንደ ሆነ፤ አፈሩም ውኃ ያልተኛበት ከሆነ፤ አጠውልግ የተባለው በሽታ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። መመርመሪያው ቀላል ነው። ግንዱን ከሥሩ አጠገብ ቆርጦ ንጹሕ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አንጠልጥሎ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ነው፤ ከተቆረጠው ቦታ ወተት የመሰለ ነጭ ክር ወደ ታች የወረደ እንደ ሆነ ጥርጣሬው እውነት ነው። እንዲህ ያለውን ተክል ለማዳን መድከም ሌሎቹን መግደል ነው። ከነአፈሩ ነቅሎ ከአትክልት ስፍራ ማራቅ፤ በብስባሽ ጉድጓድ አለመጨመር፤ ዶማውንና እጅን መታጠብ፤ በዚያም መደብ ላይ ለብዙ ዓመት ድንች፤ ቲማቲምና ቃሪያ አለመትከል ያስፈልጋል። ሦስቱ የአንድ ዘር ወገኖች ስለሆኑ የአንዱ በሽታ የሌላውም ነው። በምትካቸው ጎመን፤ ሽንኩርት ወይም በቆሎ ቢተከል መደቡ ሥራ አይፈታም።

ስለ መርዝ ጥቂት ማስጠንቀቅ ይገባል። የተባይ መርዝ ለበሽታ አይሠራም፤ የበሽታ መድኃኒትም ለተባይ አይሠራም፤ ሁለቱም ለውኃ መተኛት አይሠሩም። ስሙ ባልተጻፈበት ጠርሙስ ተቀንሶ የሚሸጠውን መርዝ ገዝቶ ልጆች በሚበሉት ጎመን ላይ መርጨት ታላቅ ድፍረት ነው። በመርዙ ዕቃ ላይ ስንት ቀን ሳይቆይ እንደማይበላ የተጻፈውን ማንበብ፤ የማያነብም ሰው ማስነበብ፤ የተጠራጠረም የወረዳውን የግብርና ባለሙያ መጠየቅ ግዴታው ነው። ውኃውም እንዲሁ ነው። በአቃቂ ወንዝ ውኃ በሚለማ አትክልት ላይ በተደረገው ምርመራ ከፋብሪካና ከከተማ ፍሳሽ የመጣ የከባድ ብረት ዝቃጭ ተገኝቷል። ስለዚህ ከፍሳሽ ቦይ የተቀዳ ውኃ ቅጠሉን አረንጓዴ ቢያደርገውም ገበታ ላይ ሊቀርብ አይገባውም። ያማረ ሁሉ ጤነኛ አይደለም።

እንግዲህ የታመመ አትክልት ያለው ሰው የሚሠራው ሥራ በተራ ሲቆጠር ይህ ነው። በመጀመሪያ ሕመሙ እስኪታወቅ ማጠጣቱንም፤ ምግብ መጨመሩንም፤ መርጨቱንም ያቆማል። ሁለተኛ፤ ከታመሙት አንዱን ብቻ ነቅሎ ሥሩን ያያል፤ ነጭና ጠንካራ ከሆነ ሥሩ ደኅና ነው፤ ጠቁሮ የሚልም ከሆነ ውኃ በዝቶበታል። ሦስተኛ፤ የሞተውንና የበሰበሰውን ቅጠል ቆርጦ ያነሣል። አራተኛ፤ ያገኘውን አንድ ምክንያት በአንድ መድኃኒት ያክማል እንጂ ሦስት መድኃኒት በአንድ ቀን አይሰጥም፤ ቢድንም ቢሞትም የትኛው እንዳደረገው ማወቅ አይችልምና። አምስተኛ፤ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይታገሣል፤ የሚመለከተውም አሮጌውን ቅጠል ሳይሆን አዲስ የሚወጣውን ነው። ቢጫ የሆነ ቅጠል ብዙ ጊዜ ተመልሶ አረንጓዴ አይሆንም፤ የመዳን ምልክት ከጫፍ የሚፈነጥቀው ለጋ ቅጠል ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደ ተባለው፤ በየጠዋቱ ለጥቂት ደቂቃ መደቡን እየዞረ የሚያይ ሰው ከዚህ ሁሉ ድካም ይድናል።

ወደ ምሳሌያችን እመቤት እንመለስ ቢባል ነገሩ እንዲህ ሊሆን በተገባው ነበር። በቦሌ አራብሳ ሕንፃዎች መካከል ያንን መሬት ከነጠባዩ የሚያውቁ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ እነርሱም ሰፈሩ ከተማ ከመሆኑ በፊት ያርሱት የነበሩ ገበሬዎች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ሽማግሌ በመደቡ አጠገብ ሲያልፉ እመቤቲቱ «አባቴ፤ ይህ ጎመኔ ምን ሆኖብኝ ነው?» ብላ ብትጠይቃቸው ቆም ብለው አፈሩን በእጃቸው ጨብጠው ካዩ በኋላ «ልጄ፤ ጎመንሽ አልታመመም፤ ቤቱ ውኃ ገብቶበት ነው። እኛ በዚህ መሬት በክረምት ውኃ የሚችለውን ጤፍ እንዘራ ነበር፤ ሽምብራውን ዝናቡ ሲያባራ እናስከትላለን። አንቺም ጎመኑን ካፈቀርሽ ከፍ አድርገሽ አኑሪው» ባሏት ነበር። ይህን ምክር ለማግኘት ገንዘብ አያስፈልግም፤ ሰላምታ ብቻ ይበቃል። ዋልካውን ተዋግተው ሳይሆን ጠባዩን ዐውቀው ለዘመናት የኖሩበት ሰዎች ዕውቀት በሕንፃው መሠረት ሥር ተቀብሮ የቀረ እንደ ሆነ ጉዳቱ የእነርሱ ብቻ አይደለም፤ አዲስ ገብ የሆነውም ሕዝብ ሁሉ ጉዳት ነው።

ስለዚህ በቦሌ አራብሳም ሆነ በሌላው የከተማው ዳርቻ የሚኖር ሰው በዚህ ዓመት አትክልቱ ጠፍቶበት እንደ ሆነ ተስፋ ሊቆርጥ አይገባውም። ዝናቡ ሲወጣ መደቡን ከፍ አድርጎ፤ ፍርስራሹን ለቅሞ፤ ብስባሹን አዘጋጅቶ፤ የሰፈሩን አሮጌ ገበሬና የወረዳውን የግብርና ባለሙያ ጠይቆ እንደገና ይትከል። መሬት ለጠየቃት ትመልሳለች፤ ሳይጠይቃት የሚያዛትን ግን አትሰማውም። ጎመኑ ጤነኛ የሆነ እንደ ሆነ የአበው ምሳሌ በሁለት ወገን ይፈጸማል፤ ጎመኑም በጤና ይበቅላል፤ በሊውም በጤና ይኖራል።